ጄቱ ያየው ምን ነበር? ስለ ወታደሮችና ስለ ዩፎ ስናወራ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከአንድ ደቂቃ የማይሞላ ጥቁርና ነጭ ቪዲዮ ነው። ታች ባሕር ነው። ላይ የአሜሪካ ባሕር ኃይል ተዋጊ ጄት አለ። መሃል ላይ አንዲት ነጭ ነጥብ ውኃውን እየሰነጠቀች ሽው ትላለች። ካሜራው ነጥቧን ሲይዛት ጄቱ ውስጥ ያሉት ሰዎች ጎል እንደገባለት ደጋፊ ይጮኻሉ፣ ይስቃሉ። «ምንድን ነው ይሄ ነገር?» ይላል አንዱ።

ቪዲዮውን መጀመሪያ ያየሁት ቀን ለማውቀው ሰው ሁሉ ላክሁት። «ፍጥነቱን እዩልኝ!» ብዬ። በኋላ ስሌቱን ሳይ ግን ትንሽ አፈርኩ። ነገሩ ፈጣን አልነበረም። ፈጣኑ ጄቱ ነበር።

ስለ ዩፎ ማውራት ደስ ይላል፤ እኔም እወዳለሁ። ወታደር ሲገባበት ደግሞ ወሬው ክብደት ያገኛል። ራዳር አለ፣ የሠለጠነ ዐይን አለ፣ በሚሊዮን ዶላር የሚቆጠር ካሜራ አለ። እኛን የሚያሳስተንም ይኸው ክብደቱ ነው። ከዚህ በታች ያሉትን ስህተቶች አብዛኞቹን ራሴ ሠርቻቸዋለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

«አልታወቀም» የሚለውን መልስ ማድረግ

ማታ በር ተንኳኳ እንበል። ከፈታችሁ፣ ማንም የለም። ማስታወሻ ደብተር ቢኖራችሁ የምትጽፉት «ያልታወቀ ሰው አንኳኳ» ብላችሁ ነው። እሱም ቢሆን ሰው መሆኑን ገምታችሁ ነው፤ ነፋስም ሊሆን ይችላላ። «ጋኔን አንኳኳ» ብሎ መጻፍ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። እሱ ራሱን የቻለ ማስረጃ ይፈልጋል።

ዩፎ የሚለው ቃል ትርጉሙ «ያልታወቀ በራሪ ነገር» ነው፤ በቃ። አሁን አሜሪካኖቹ ዩኤፒ ይሉታል፤ «ያልታወቀ እንግዳ ክስተት» እንደማለት ነው። በ2022 መጨረሻ በሕግ ትርጉሙን አስፍተው በሰማይ ብቻ ሳይሆን በሕዋና በባሕር ውስጥ የሚታየውንም አካተቱበት። ሁለቱም ስሞች የሚመዘግቡት የእኛን አለማወቅ ነው።

በጁን 2021 የአሜሪካ የስለላ ተቋማት አንድ አጭር ሪፖርት አወጡ። ከ2004 ጀምሮ የተሰበሰቡ፣ አብዛኞቹ ከባሕር ኃይል የመጡ 144 ጥቆማዎች ተመረመሩ። በእርግጠኝነት የታወቀው አንድ ብቻ ሆነ፤ እየተነፈሰ የነበረ ትልቅ ፊኛ። ወሬው ወደ ሕዝብ ሲደርስ «143ቱን መንግሥት ማብራራት አቃተው» ሆነ። ከዚያ «143ቱ ኤሊየን ናቸው» ለመሆን አንድ ሳምንት አልፈጀበትም። ሪፖርቱን ቁጭ ብሎ ላነበበው ግን ዋናው ቅሬታ የመረጃ እጥረት ነበር። ያልተለመደ አበራር የታየባቸው ተብለው ለብቻ የተነሡት ክስተቶች 18 ነበሩ። ለእነሱም ቢሆን ሪፖርቱ «መሣሪያው ወይም ተመልካቹ ተሳስቶ ሊሆን ይችላል» የሚል ማስጠንቀቂያ አልነፈጋቸውም።

ነገሩ አዲስ አይደለም። የአሜሪካ አየር ኃይል ከ1952 እስከ 1969 ባካሄደው «ብሉ ቡክ» በሚባለው ፕሮጀክት ከቀደሙት ዓመታት የወረሳቸውን ጨምሮ 12,618 ጥቆማዎችን መዝግቧል። ያልታወቁ ሆነው የቀሩት 701 ናቸው። ከመቶ ስድስት ግድም ማለት ነው። የትኛውም ፖሊስ ጣቢያ ያልተፈቱ መዝገቦች አሉት፤ ያልተፈቱት ሁሉ ግን የአንድ ሌባ ሥራ ናቸው አይባልም።

ርቀቱን ሳያውቁ ስለ ፍጥነት ማውራት

ከሁሉም የሚብሰው ስህተት ይሄ ነው። ሌላውን ሁሉ ብትረሱት ይህን ያዙልኝ።

ዐይናችን የሚያየው ማዕዘን ነው። አንድ ነገር ስንት ዲግሪ እንደሚሸፍንና በሰከንድ ስንት ዲግሪ እንደሚሄድ ብቻ ነው የምናየው። አጠገባችሁ ያለፈች ዝንብና ከሩቅ የሚሄድ አውሮፕላን በዐይን ፊት እኩል ሊፈጥኑ ይችላሉ። የትኛው ዝንብ እንደሆነ የምናውቀው ነገሩን ስለምናውቀው ነው። የማናውቀው ነገር ሲሆን፣ ያውም ከበስተጀርባው ሰማይ ወይም ባሕር ብቻ ከሆነ፣ አእምሮ ርቀቱን ዝም ብሎ ይገምታል። መገመቱን ግን አይነግረንም። «ትልቅ ነበር፣ ፈጣን ነበር» ስንል ከጀርባው ያ ያልተነገረ ግምት አለ።

አሁን ወደ ቪዲዮዋ እንመለስ። «ጎ ፋስት» ይሏታል፤ «ፈጥነህ ሂድ» እንደማለት ነው። ስሟ ራሱ ግማሹን ስህተት ይሠራልናል። በጃንዋሪ 2015 በአሜሪካ ምሥራቃዊ የባሕር ዳርቻ የተቀረጸች ናት። ጥሩነቱ ግን ቁጥሮቹ ስክሪኑ ላይ አሉ። ጄቱ ያለው 25,000 ጫማ ላይ ነው፤ ወደ 7.6 ኪሎ ሜትር። ወደ ቪዲዮው መጨረሻ ካሜራው ወደ ታች 35 ዲግሪ ያዘነብላል። እስከ ነጥቧ ያለው ርቀት 3.4 የባሕር ማይል ተብሎ ተጽፏል፤ ወደ 6.3 ኪሎ ሜትር ነው።

እንግዲህ የትምህርት ቤቷን ሳይን እናውጣት። የ35 ዲግሪ ሳይን 0.57 ነው። 6.3 በ0.57 ሲባዛ 3.6 ይመጣል። ነጥቧ ከጄቱ 3.6 ኪሎ ሜትር ዝቅ ብላለች ማለት ነው። 7.6 ሲቀነስ 3.6፣ አራት ኪሎ ሜትር ይቀራል። «ውኃውን እየሰነጠቀች ሽው ትላለች» ያልኳት ነጥብ ከባሕሩ አራት ኪሎ ሜትር ከፍ ብላ ነበር ያለችው።

ታዲያ ያ ሁሉ ፍጥነት ከየት መጣ? ከጄቱ። በመኪና ስትሄዱ አጠገባችሁ ያለው የስልክ እንጨት ከሩቁ ተራራ አንጻር ወደ ኋላ ሲሮጥ አይታችኋል። እንጨቱ ንቅንቅ አላለም። እዚህም ነጥቧ እንጨቱ ናት፣ ባሕሩ ተራራው ነው። የናሳ ገለልተኛ የጥናት ቡድን በሴፕቴምበር 2023 ባወጣው ሪፖርት ይህንኑ ስሌት ሠርቶ የነጥቧን ፍጥነት በአማካይ በሰዓት 64 ኪሎ ሜትር ገደማ አድርጎታል። በዚያ ከፍታ ነፋሱ ይዞት የሚሄድ ማንኛውም ነገር እንዲህ ይሄዳል። ነገሩ ፊኛ ይሁን ሌላ፣ ቪዲዮው አይናገርም። ፍጥነቱ ግን ተአምር አይደለም።

ባለሙያም በዚህ ይሸወዳል። በኖቬምበር 2014 የቺሊ ባሕር ኃይል ሄሊኮፕተር በሙቀት ካሜራ አንድ እንግዳ ነገር ቀረጸ። ከኋላው የሆነ የሚሞቅ ደመና ይተፋል። የአገሪቱ የዩፎ መርማሪ ኮሚቴ ሁለት ዓመት አጥንቶ «ያልታወቀ» ሲል በጃንዋሪ 2017 ለሕዝብ ለቀቀው። ኢንተርኔት ላይ ያሉ ሰዎች በቀናት ውስጥ የበረራ መዝገብ አገላብጠው ደረሱበት። ከሳንቲያጎ የተነሳ አራት ሞተር ያለው የመንገደኞች አውሮፕላን ነበር፤ ደመናውም ከኋላው የሚተወው ነጭ የእንፋሎት መስመር። ታዛቢዎቹ የገመቱት ርቀት ከእውነተኛው በብዙ ያነሰ ነበር። ርቀቱ ሲሳሳት «እዚያ ቦታ አውሮፕላን አልነበረም» የሚለው መልስ እውነት ይሆናል። አውሮፕላኑ የነበረው ሌላ ቦታ ነዋ!

ካሜራው ውስጥ ያለውን ሰማይ ላይ አለ ማለት

በሜይ 2022 የአሜሪካ ኮንግረስ ስለ ዩፎ ለሕዝብ ክፍት የሆነ ስብሰባ አደረገ። ከሃምሳ ዓመት በላይ እንዲህ ዓይነት ስብሰባ አልተደረገም ነበር። አንድ የባሕር ኃይል የስለላ ኃላፊ፣ ስኮት ብሬይ፣ ከጦር መርከብ ላይ የተቀረጸ ቪዲዮ አሳየ። አረንጓዴ ሰማይ፤ ብልጭ ድርግም የሚሉ ሦስት ማዕዘኖች። ኢንተርኔቱ ለወራት «ፒራሚድ መርከቦች» ሲላቸው ከርሟል። ብሬይ እንዳስረዳው ሦስት ማዕዘኑን የፈጠረው ብርሃኑ በሌሊት ማያ መነጽር አልፎ በካሜራ መቀረጹ ነው። ነገሮቹ ድሮኖች ነበሩ።

ራሳችሁ ሞክሩት። ማታ የስልካችሁን ካሜራ ከሩቅ አምፖል ላይ አነጣጥሩና ፎከሱን አበላሹት። አምፖሉ ክብ ኳስ ይሆናል። ክቡ የአምፖሉ ቅርጽ አይደለም፤ ብርሃኑ የገባበት ቀዳዳ ቅርጽ ነው። ቀዳዳው ሦስት ማዕዘን ቢሆን የሠፈሩ አምፖል ሁሉ ፒራሚድ ይሆን ነበር።

«ጊምባል» የምትባለዋም ቪዲዮ የዚሁ ዘመድ ናት። ያቺ እንደ እንዝርት የምትሽከረከረዋ። ብዙ ተንታኞች የሚሉት ይህ ነው፦ የምናየው የነገሩን አካል አይደለም፤ ከሩቅ ያለ ትኩስ ሞተር በሙቀት ካሜራው ላይ የፈጠረውን ነጸብራቅ ነው። የሚሽከረከረውም ካሜራውን የተሸከመው መዘውር ነው። ያንን መዘውር በሙያው ቋንቋ ምን ይሉታል መሰላችሁ? ጊምባል። ቪዲዮውን የሰየመው ሰው ሳያውቀው መልሱን ርዕስ አድርጎት ይሆን እያልኩ ሁሌም እስቃለሁ። ቪዲዮውን ከቀረጸው የባሕር ኃይል ቡድን ጋር ይበሩ የነበሩ ፓይለቶች ግን ይህን አይቀበሉም። «በራዳር ብዙ ሆነው አይተናቸዋል» ይላሉ። የራዳሩ ቅጂ ለሕዝብ እስካልወጣ ድረስ ሙግቱ ይቀጥላል።

«ፓይለት አይሳሳትም»፣ ወይም ደግሞ «ፓይለቱ ቅዠታም ነው»

ሁለቱም ያው ናቸው።

ጠፈርተኛው ስኮት ኬሊ በሜይ 2023 በናሳ ስብሰባ ላይ ያወራው አለ። ኤፍ-14 ያበር በነበረበት ዘመን ነው፤ ቨርጂኒያ ቢች አካባቢ። ከኋላው የተቀመጠው የራዳር መኮንን «አሁን ዩፎ አለፍን» ብሎ ድርቅ አለ። ኬሊ ምንም አላየም። ዞረው ሄደው አዩት። በካርቱን ገጸ ባሕርይ ቅርጽ የተሠራ ፊኛ ሆኖ ተገኘ። ያ መኮንን ሞኝ አልነበረም። ፓይለት የሠለጠነው የሚያውቀውን አውሮፕላን ፈጥኖ ለመለየትና በሕይወት ለመመለስ ነው። ሰማይ ላይ ቆሞ ያለ ፊኛን በሰከንድ ክፍልፋይ እንዲለይ ያስተማረው የለም።

የሚያሳዝነው ደግሞ የካፒቴን ቶማስ ማንቴል ታሪክ ነው። ጃንዋሪ 7፣ 1948። ኬንተኪ ውስጥ ፎርት ኖክስ አጠገብ ካለ የአየር ማረፊያ ማማ ላይ ሰዎች አንድ የሚያብለጨልጭ ክብ ነገር ያያሉ። በአጋጣሚ ማንቴል በማስታንግ ተዋጊዎች ከጓደኞቹ ጋር እየበረረ ነበር። «እስቲ እዩልን» ተባሉ። ተከተሉት። ነገሩ ከፍ ያለ ነበር፤ እነሱም ወጡ። ጓደኞቹ ኦክስጅን ስላልበቃቸው በ7 ኪሎ ሜትር አካባቢ ላይ ተመለሱ። ማንቴል ቀጠለ። በኖርማንዲ የተዋጋ፣ የ25 ዓመት ወጣት። ኦክስጅን አልያዘም ነበር። ራሱን ሳተ፣ አውሮፕላኑም ተከሰከሰ።

አየር ኃይሉ መጀመሪያ «ቬነስ ናት» አለ። በቀን ብርሃን ቬነስ ለማየት ምን ያህል ዐይን እንደሚያስፈልግ ማንም ያውቃል፤ ሰው አልተቀበለውም። ዛሬ አብዛኛው አጥኚ የሚስማማበት ስካይሁክ በሚባል ፊኛ ነው። ሰላሳ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው፣ እንደ ብረት የሚያበራ፣ እጅግ ከፍ ብሎ የሚንሳፈፍ የባሕር ኃይል ፊኛ ነበር። ፕሮጀክቱ ያኔ ምስጢር ነበር። ማንቴል እንደዚያ ያለ ፊኛ በዓለም ላይ መኖሩን አያውቅም። ያየውን በትክክል ነው ያየው፤ ትልቅ፣ ብረት የሚመስል፣ ከሱ በላይ ያለ ነገር። የጎደለው ርቀቱ ነበር። እደርስበታለሁ ብሎ አሰበ።

አሁን በተቃራኒው። በኖቬምበር 14፣ 2004 ከሳን ዲዬጎ ወጣ ብሎ ኒሚትዝ የተባለችው አውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ ልምምድ ላይ ነበረች። አጃቢዋ ፕሪንስተን ለቀናት በራዳሯ እንግዳ ነገሮች ስታይ ሰንብታለች። ኮማንደር ዴቪድ ፍሬቨርና አሌክስ ዲትሪክ በሁለት ጄቶች ተላኩ። አራት ሰው ነው ያየው። ክንፍ የለውም፣ ነጭ፣ ሞላላ፤ 12 ሜትር ይሆናል። ከሥሩ ባሕሩ ይታመሳል። ፍሬቨር ወደ ታች ሲወርድ ነገሩ ወደ ላይ መጣ፣ ከዚያ ተሰወረ። አራቱን ሰዎች «ቅዠታም» ብሎ ማለፍ አይቻልም፤ እኔም አልደፍርም። አሳማኝ የሆነ ሙሉ ማብራሪያ እስካሁን አላነበብኩም።

እዚህ ላይ ግን አንድ ትንሽ ስህተት ትገባለች። ሰው ይህን ታሪክ ሲያወራ ያቺን የታወቀች ደብዛዛ ቪዲዮ ይከፍትና «ይኸው ፍሬቨር ያየው» ይላል። ቪዲዮውን የቀረጸው ፍሬቨር አይደለም። በኋላ የተነሳ ሌላ በረራ ላይ የነበረ ቻድ አንደርዉድ የተባለ የባሕር ኃይል መኮንን ነው። እሱ ደግሞ ነገሩን በዐይኑ አላየውም፤ በካሜራ ብቻ ነው። ምስክሩ ሌላ፣ ቪዲዮው ሌላ፣ ራዳሩ ሌላ። ሦስቱ የአንድ ነገር ሊሆኑ ይችላሉ። ግን አንዱን በሌላው መሙላት ከጀመርን ታሪኩን እኛ እየጻፍነው ነው።

ራዳር አይዋሽም ብሎ ማመን

ራዳር ጨረር ይልካል፣ የተመለሰውን ይቆጥራል። የተመለሰው ከምን እንደሆነ የሚወስነው ሌላ ነው፤ ወይ ሰው ወይ ኮምፒውተር። በጁላይ 1952 በሁለት ተከታታይ ቅዳሜና እሑዶች የዋሽንግተን አየር ማረፊያ ራዳር ባልታወቁ ነጥቦች ተሞላ። ጄቶች ተነሱ። የዓለም ጋዜጣ ሁሉ ጮኸ። ጄኔራል ጆን ሳምፎርድ ለጋዜጠኞች የሰጠው ማብራሪያ የአየር ሙቀት ግልብጦሽ የሚል ነበር። ሞቃት አየር በቀዝቃዛ አየር ላይ ሲተኛ ጨረሩ ወደ መሬት ይጎብጣል፤ ራዳሩም መሬት ላይ ያለውን ሰማይ ላይ ያለ አስመስሎ ያሳያል።

ከዚህ ይልቅ የሚገርመኝ የ2023ቱ ነው። ፌብሩዋሪ 4 ቀን አሜሪካ የቻይናን ትልቅ ፊኛ ደቡብ ካሮላይና ዳርቻ ላይ መታች። ከዚያ በሦስት ተከታታይ ቀናት፣ ከ10 እስከ 12፣ ሌሎች ሦስት ነገሮች ተመቱ። አንዱ አላስካ፣ አንዱ ካናዳ ዩኮን፣ አንዱ ሂውረን ሐይቅ ላይ። «ሰማዩን ምን ወረረው?» ተባለ። መልሱ ቀላል ነበር። ራዳሮች ቀርፋፋና ትንንሽ ነገሮችን አጣርተው እንዲጥሉ ተደርገው የተስተካከሉ ናቸው፤ አለበለዚያ ወፍና ደመና ሁሉ ስክሪኑን ይሞላዋል። ከቻይናው ፊኛ በኋላ ማጣሪያውን ላላ አደረጉት። ሰማዩ ያው ነው፤ ወንፊቱ ሰፋ።

ሦስቱ ነገሮች ምን ነበሩ? ፕሬዚዳንት ባይደን በዚያው ወር የግል ኩባንያ ወይም የምርምር ወይም የመዝናኛ ፊኛዎች ሳይሆኑ እንዳልቀሩ ተናገሩ። ሂውረን ሐይቅ ላይ የተተኮሰው የመጀመሪያው ሚሳይል ስቷል። የአንዱ ሚሳይል ዋጋ ከ400 ሺህ ዶላር በላይ ነው።

ቀኑንና ሰማዩን አለማጣራት

በዲሴምበር 1980 እንግሊዝ ውስጥ፣ ሬንድልሻም በሚባል ጫካ፣ የአሜሪካ አየር ኃይል ወታደሮች መብራት አዩ። የጣቢያው ምክትል አዛዥ ቻርልስ ሃልት በሁለተኛው ሌሊት ራሱ ወጥቶ ያየውን በቴፕ ቀድቷል። የሚገርም ቅጂ ነው፤ ሰውየው እያለከለከ ጫካ ውስጥ ሲሄድ ይሰማል።

መጀመሪያ የሚጣራው ግን ቴፑ አልነበረም። ሃልት ለእንግሊዝ መከላከያ የጻፈው ደብዳቤ የመጀመሪያውን ክስተት ቀን በአንድ ቀን አሳስቶታል። 26 መሆን ሲገባው 27 ብሎታል። ቀኑ ሲስተካከል ነገሮች መገጣጠም ጀመሩ። በ26 ሌሊት፣ ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ሲል፣ በደቡብ እንግሊዝ ሰማይ ላይ ብዙ ሰው ያየው ትልቅ ተወርዋሪ ኮከብ አልፏል። ወታደሮቹ «ወደ ጫካው የወረደ» ያሉት መብራት በዚያው ሰዓት ነው። በምሥራቅ በኩል ደግሞ የኦርፎርድነስ የመርከብ መብራት ማማ ያኔ በየአምስት ሰከንዱ ይበራ ነበር። በሃልት ቴፕ ላይ «ይኸው ደግሞ መጣ» የሚለው ድምፅም በየአምስት ሰከንዱ ነው። ሃልት ማማውን ለይቼ አውቀው ነበር ብሎ እስከ መጨረሻው ይከራከራል። እኔ በበኩሌ ለሰዓቱ አደላለሁ።

ዛሬ ቢሆን ማማውን ተክተው የሚያሳስቱን ስታርሊንክ የሚባሉት የኢንተርኔት ሳተላይቶች ናቸው። ፓይለቶችም ጭምር ይጠቁሟቸዋል።

የተደበቀ ነገር ሁሉ ኤሊየን ነው ማለት

«መንግሥት ደብቋል» ሲባል ብዙዎቻችን ወይ ሙሉ በሙሉ እናምናለን ወይ እንስቃለን። ታሪኩ ግን ከሁለቱም ይለያል። መንግሥት በእርግጥም ደብቋል። የደበቀው ሌላ ነገር ነው እንጂ።

በአሜሪካ ኒው ሜክሲኮ ያለችውን ሮዝዌልን ውሰዱ። ጁላይ 8፣ 1947 የጦር ሠፈሩ «በራሪ ዲስክ አገኘን» ብሎ መግለጫ አወጣ። ወዲያው «የአየር ጠባይ ፊኛ ነው» ተባለ። ውሸት ነበር፤ ቢያንስ ግማሹ። አየር ኃይሉ በ1994 እንዳመነው ስብርባሪው «ሞገል» ከሚባል ምስጢራዊ ፕሮጀክት የመጣ ነው። ሶቪየት የኒውክሌር ቦምብ ስትሞክር ድምፁን ከሩቅ ለመስማት ማይክሮፎን ታስሮባቸው ወደ ላይ የሚላኩ የፊኛ ሰንሰለቶች ነበሩ።

ዩ-2 የስለላ አውሮፕላንም እንዲሁ። በ1955 መብረር ሲጀምር የመንገደኞች አውሮፕላኖች ከስድስት ኪሎ ሜትር ብዙም አያልፉም። እሱ ከ18 ኪሎ ሜትር በላይ ይወጣል። ፀሐይ ከታች ላሉት የመንገደኞች አውሮፕላን ፓይለቶች ጠልቃ፣ እዚያ ላይ ግን ገና አልጠለቀችም። ብርማ ክንፉ በጨለማው ውስጥ እሳት ሆኖ ይታያል። ሲአይኤ በ1997 ባሳተመው ጽሑፍ ከ1950ዎቹ መጨረሻና ከ1960ዎቹ የዩፎ ጥቆማዎች ከግማሽ በላዩ የእነዚህ የስለላ በረራዎች ውጤት ነው ብሏል። ግማሽ የሚለው ቁጥር ለእኔ ትንሽ የተጋነነ ይመስለኛል። መርማሪዎቹ መልሱን እያወቁ ለጠቆመው ሰው ሌላ ምክንያት ይነግሩ እንደነበር ግን ጽሑፉ ራሱ ይናገራል። ማንቴልም የሞተው ያልተነገረውን ፊኛ ሲከተል ነው።

የቀድሞው የአየር ኃይል የስለላ መኮንን ዴቪድ ግራሽ በጁላይ 2023 በመሐላ ለኮንግረስ የተናገረውም እዚህ ይገባል። የወደቁ እንግዳ መንኮራኩሮችን የሚሰበስብ ድብቅ ፕሮግራም አለ አለ። ከሰዎች የሰማውን እንጂ በዐይኑ ያየውን አልነበረም የተናገረው። የፔንታጎን መርማሪ ቢሮ በማርች 2024 ባወጣው የታሪክ ሪፖርት ለዚህ ማስረጃ አላገኘሁም ብሏል። ወሬው ጥቂት ሰዎች እርስ በርስ እየተቀባበሉት የዞረ ነው፤ አንዳንዱም ከዩፎ ጋር የማይገናኝ እውነተኛ ምስጢራዊ ፕሮጀክት ነው አለ። ቢሮው የፔንታጎን ነውና ማመን የማይፈልግ አያምንም። መሐላ ግን ሰሚን ዐይን ምስክር አያደርገውም።

መሳለቅ

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ አንባቢዬ «ያው ሁሉም ፊኛ ነው» ብሎ እንዳይሄድ እፈራለሁ። ያ ደግሞ የመጨረሻው ስህተት ነው።

ፊኛም ቢሆን ጄት ሞተር ውስጥ ከገባ ይገድላል። ራያን ግሬቭስ የተባለው የቀድሞ ፓይለት ለኮንግረስ የተናገረው ከዚህ ጋር ይሄዳል። በ2014 በቨርጂኒያ ቢች አቅራቢያ ሁለት የቡድኑ ጄቶች ጎን ለጎን ሲበሩ አንድ ነገር በመሃላቸው አለፈ። እንደ መስታወት ብርሃን በሚያሳልፍ ኳስ ውስጥ ያለ ጥቁር ኩብ የሚመስል ነገር። ለጥቂት ነው የተረፉት። የደኅንነት ሪፖርት ጻፉ። ብዙ ፓይለት ግን የሥራ ባልደረባ መሳቂያ እንዳይሆን፣ የበረራ ፈቃዱም እንዳይነካበት ዝም ይላል። ባሕር ኃይሉ በ2019 አዲስ የጥቆማ መመሪያ ማውጣት ያስፈለገው ለዚህ ነው።

ከቻይናው ፊኛ በፊት ሌሎች የቻይና ፊኛዎች በአሜሪካ ሰማይ አልፈው ነበር። በጊዜው ያያቸው የለም። ይህን ያመኑት የሰሜን አሜሪካን ሰማይ የሚጠብቀው ዕዝ የያኔው አዛዥ ጄኔራል ቫንኸርክ ናቸው።

በዲሴምበር 2023 ደግሞ ቨርጂኒያ ውስጥ ላንግሊ የሚባለው የአየር ኃይል ጣቢያ ላይ ድሮኖች ለ17 ቀናት ማታ ማታ ሲመላለሱ ሰነበቱ። ጣቢያው የኤፍ-22 ቤት ነው፤ ያንን የቻይና ፊኛ የመታው አውሮፕላን ከዚያው ነው የተነሳው። ድሮን መሆናቸውን ማንም አልተጠራጠረም። የማን እንደሆኑ ግን እስከ 2024 መጨረሻ ባለሥልጣናቱ በይፋ አልተናገሩም። «ኤሊየን» ያለ ሰው ስላልነበረ ይመስለኛል፣ ዜናው የአንዲቷን ነጭ ነጥብ ቪዲዮ ሩብ ያህል እንኳ አልተወራለትም።